ልጄን ፈረንሳይኛ ላስመዝግባት ወይስ ይቅርባት?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ዱከም አንድ የቻይናዎች ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራል። ትንሿ 10ኛ ክፍል ናት፤ የምትማረው እዚሁ ሰፈራችን ባለ የግል ትምህርት ቤት ነው። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከክፍል በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ፈረንሳይኛ ጀምሯል። ክፍያው በወር 1,800 ብር ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ‹የውጭ ቋንቋ ያለው ተማሪ ውጭ አገር ኮሌጅ በቀላሉ ይገባል፤ እዚህም ቅድሚያ ያገኛል› አሉን። ጎረቤቴ ‹ፈረንሳይኛ ጊዜው አልፎበታል፣ ከሆነስ ቻይንኛ ይሁን› ትላለች። ትልቁ ልጄም ፋብሪካው ውስጥ ያሉት አስተርጓሚዎች ከእሱ በብዙ እጥፍ እንደሚከፈላቸው ይነግረኛል። የባለቤቴ አባት አቃቂ ነው የሚኖሩት። ምድር ባቡር ሠርተው ቤተሰብ ያሳደጉት ፈረንሳይኛ ስለቻሉ ነው፤ እሳቸው ‹አስተምሪያት› ይሉኛል። የልጅቱ ውጤት መካከለኛ ነው፤ ሒሳብ 68፣ ፊዚክስ 61፣ እንግሊዝኛ 74፣ አማርኛ 90። ማታ ማታ የአያቷን አሮጌ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ይዛ ድምፅ እያወጣች ስታነብ እሰማታለሁ። ገንዘቡ ይከብደኛል፤ ግን ዕድሏን የዘጋሁባት እኔ እንዳልሆን ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?»

የሁለት ልጆች እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ከልብዎ ላይ ያለውን ሸክም ላውርድልዎት። ይህን ክፍያ ባይከፍሉ የልጅዎን ዕድል አልዘጉባትም። ይህን የምልዎት ቋንቋን ንቄ አይደለም። ለብዙ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ልጅ በሌላ ቋንቋ የመጀመሪያዋን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትናገር ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አውቃለሁ። ነገር ግን በስብሰባው ላይ የተነገራችሁ ነገር ግማሹ ስሕተት ነው፣ ግማሹ ደግሞ የተጋነነ ነው። ለእሱ ብለው ከወር አስቤዛዎ ላይ 1,800 ብር እንዲቀንሱ አልፈልግም።

ከአገራችን ልጀምር። «እዚህም ቅድሚያ ያገኛል» የተባለው ትክክል አይደለም። ልጅዎን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ብትመርጥ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲቲዩድ የሚባለውን የማገናዘብ ችሎታ ፈተና ትፈተናለች። ማኅበራዊ ሳይንስ ብትገባ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ፈንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይመጡላታል። በአንዱም በሌላውም ስድስት ትምህርት ነው፣ ከ600 የሚያዝ። ፈረንሳይኛ የለበትም፣ ቻይንኛ የለበትም፣ ዓረብኛም የለበትም። ፈረንሳይኛ ለቻለ ተብሎ ከላይ የሚጨመር ነጥብም የለም።

ፈተናው ደግሞ ምን ያህል እንደከበደ እርስዎም ሰምተዋል። ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ከጀመሩ ወዲህ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ትንሽ ከፍ ብሎ 5.4 በመቶ ሆነ። ከመቶ ልጆች አምስት ስድስቱ ማለት ነው። ልጅዎ ፊዚክስ 61፣ ሒሳብ 68 አላት። የክፍል ካርድ ላይ ያለ 61 ብሔራዊ ፈተና ላይ 61 ሆኖ እንደማይጠብቃት ማንም አስተማሪ ይነግርዎታል። ከትምህርት በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓቶች ከየትኛው ትምህርት ላይ እየተነሡ እንደሆነ ማሰብ ያለብን ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ጠጋ ብለው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ወላጅ አያስተውለውም። እንግሊዝኛ ከስድስቱ አንዱ ትምህርት ይመስላል፤ እውነቱን ግን ከስድስቱም ውስጥ አለ። የፊዚክሱ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፣ የባዮሎጂውም እንደዚያው። አፕቲቲዩዱ ግማሽ ጎኑ የቃላት ዝምድናና የንባብ ጥያቄ ነው። ሳስተምር የገጠመኝን ልንገርዎት። ለልጆቹ የባዮሎጂ አስተማሪያቸው ያወጣውን ጥያቄ አብሬ አይ ነበር። «ከሚከተሉት መካከል ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ትክክል ናቸው» የሚለው ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ፣ «ኤክሴፕት» የምትለዋን ቃል ዘለው የመጀመሪያውን ትክክል የሆነ መልስ ያከብቡና ያልፋሉ። ትምህርቱን በአማርኛ ስጠይቃቸው አንድ በአንድ ይነግሩኛል። ያጡት ነጥብ የባዮሎጂ አልነበረም፤ የአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ስለዚህ ስለ ኮሌጅ ብለው ለቋንቋ ገንዘብ ማውጣት ካለብዎት፣ ያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ያቺ 74 ወደ 85 ብትወጣ ሌሎቹን አምስቱንም ትስባለች።

አሁን ወደ ውጭ አገሩ። እዚህ ላይ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ያሉት ሙሉ በሙሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በእርግጥ ስለ ውጭ ቋንቋ ይጠይቃሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከእንግሊዝኛ ሌላ የሆነ ቋንቋ ቢያንስ ለሁለት ዓመት መማርን በመግቢያ መስፈርቱ ላይ አስፍሯል፤ ሦስት ዓመት ቢሆን ይመርጣል። ሃርቫርድ አንድን የውጭ ቋንቋ ለአራት ዓመት መማርን ይመክራል። እንዲህ ያለ ነገር ያነበበ ሰው «ይኸው፣ ቋንቋ ያስገባል» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ይህ የተጻፈው ለማን እንደሆነ ይመልከቱ። ቤቱም ትምህርት ቤቱም እንግሊዝኛ ብቻ ለሆነበት አሜሪካዊ ልጅ ነው። ያ ልጅ ከእንግሊዝኛ ውጪ ሌላ ቋንቋ እንዲቀምስ ይፈልጋሉ። የእርስዎ ልጅ እኮ ፊዚክስና ሒሳቡን ሁሉ የምትማረው አፏን ባልፈታችበት ቋንቋ ነው! ካርዷ ላይ አማርኛ 90 አላት። ለእነሱ «ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ» ማለት እሱ ነው። አመልካችን የሚመዝኑትም ትምህርት ቤቷ ከሚሰጠው አንጻር ነው፤ አስፋልት ዳር ያለ የቱሉ ዲምቱ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስላልነበረው ልጅቱን የሚቀጣት የለም።

አንዲት ተማሪዬ ኮመን አፕ የሚባለውን የአሜሪካ ኮሌጆች የጋራ ማመልከቻ ስትሞላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ቅጹ ስንት ቋንቋ ትችያለሽ፣ የትኛውን ትናገሪያለሽ፣ የትኛውን ታነቢያለሽ፣ ትጽፊያለሽ፣ ቤት ውስጥ የምትናገሩትስ ብሎ ይጠይቃል። ልጅቱ «1» ብላ ሞላች። «እንግሊዝኛ» ብላ ጻፈችበት። «አማርኛውስ?» አልኳት። «እሱማ ሁሉም ሰው ይችለው የለ» አለችኝ። አባቷ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ነው። የስብሰባና የለቅሶ ማስታወቂያ ሲወጣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አድርጋ የምትጽፍለት እሷ ነበረች፤ ግማሹ አባል አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ስለሚያነብ። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ የቤት ሥራ እንጂ ችሎታ አልመሰላትም። ቁጥሩን ሰርዛ «3» ብላ ስትሞላ እጇ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ገባች ወይ ቢሉኝ፣ አንድ ኮሌጅ ተቀብሏታል። ቋንቋው ብቻውን ግን አላስገባትም፤ ሒሳቧ ጠንካራ ነበር፣ የእንግሊዝኛ ፈተናዋንም በደንብ አልፋ ነበር።

ልጅዎ አፋን ኦሮሞ ትችል እንደሆነ አልጻፉልኝም። በዚያ አካባቢ ያደገች ልጅ ጆሮዋ ማወቁ አይቀርም። ከቻለች፣ ወይም ትንሽ ጠንከር ብታደርገው፣ ጓደኞቿና ገበያው በነጻ የሚያስተምሯት ሦስተኛ ቋንቋ አላት ማለት ነው። እዚሁ አገር ሥራ ስትፈልግም ከፈረንሳይኛው ይልቅ ቶሎ የሚፈለግባት እሱ ነው።

አሜሪካን ካሰቡ ሌላም እውነት አለ። ለእኔና ለእርስዎ ዓይነት ቤተሰብ ከመግባት በላይ የሚከብደው መክፈል ነው። የውጭ ተማሪ የመክፈል አቅሙ ሳይታይ የሚያስገቡና የጎደለውን የሚሸፍኑ ኮሌጆች ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ውድድራቸው የዓለም ውድድር ነው። እዚያ የሚያነቡት የአራት ዓመት ውጤቷን፣ የእንግሊዝኛ ችሎታዋን፣ የራሷን ጽሑፍና የአስተማሪዎቿን ደብዳቤ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት የተማረችው ፈረንሳይኛ በዚያ መካከል ጎልቶ አይታይም።

ቋንቋ በእርግጥ ቁልፍ የሚሆንባቸው አገሮች አሉ፤ በራሳቸው ቋንቋ የሚያስተምሩት። ከነዚህ መካከልም ቱርክ፣ ደቡብ ኮሪያና ጃፓን በመንግሥታቸው የነጻ ትምህርት ዕድል ለሚወስዷቸው ተማሪዎች መጀመሪያ አንድ ዓመት ያህል ቋንቋውን ራሳቸው ያስተምራሉ። የቻይና መንግሥት ዕድልም ለመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት የቻይንኛ መሰናዶ አለው። ስለዚህ ለጎረቤትዎ እንዲህ ይበሏት፦ ቻይንኛ ለዱከም ሥራ ጥሩ ነው፣ አስተርጓሚዎቹም ደኅና መከፈላቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ቻይና ሄዶ ለመማር ከአሁኑ እዚህ ከፍሎ መማር ግዴታ አይደለም። የሥራና የኮሌጅ ጥያቄ ተደባልቆባችኋል።

ጀርመን ይለያል። የወንድሜ ልጅ አንድ የጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ «ጀርመንኛ ከያዝክ የቀረው ቀላል ነው፣ ትምህርቱም ነጻ ነው» ብሎት ከአንድ ዓመት በላይ ማታ ማታ ተማረ። ጎበዝ ነበር፤ ቢ1 የሚባለው ደረጃ ደረሰ፤ የቋንቋ ችሎታ ከኤ1 ተነሥቶ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያለ እስከ ሲ2 በስድስት ደረጃ ይለካል። ከዚያ በኋላ ነው የቀረውን የሰማው። የእኛ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ስለማያስገባ ሽቱዲየንኮሌግ የተባለ መሰናዶ ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ ለቪዛ የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ አለበት፤ 11,904 ዩሮ። ትምህርቱ በብዙ ቦታ ነጻ መሆኑ ውሸት አልነበረም፤ ይህን ያህል ዩሮ ግን ከቤታችን ከየት ይመጣል? ልጁ ለሦስት ወር ያህል የጀርመንኛ መጽሐፉን ማየት አልቻለም ነበር። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። በቋንቋው አልተጎዳም፤ የጎዳው ከቋንቋው በፊት መጠየቅ የነበረበትን አለመጠየቁ ነው።

አሁን ፈረንሳይኛውን በቁጥር እንየው። በፈረንሳይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛ ለመማር የመጀመሪያ ዓመት የሚገባ ተማሪ በአብዛኛው ቢ2 የሚባለውን ደረጃ ይጠየቃል። ከዜሮ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ከ550 እስከ 650 ሰዓት ያህል ትምህርት ይፈልጋል። የትምህርት ቤቱ መርሐ ግብር በሳምንት 2 ሰዓት ነው። ዓመቱን 36 ሳምንት ብንል 72 ሰዓት ይሆናል። 10ኛን፣ 11ኛንና 12ኛን ሳታቋርጥ ብትማር 216 ሰዓት። ይህ፣ አስተማሪው ጎበዝ ከሆነና ልጅቱ ከበረታች፣ ኤ2 ያደርሳታል። ሰላምታ መለዋወጥ፣ ስለራሷ መናገር፣ ገበያ መግዛት ትችላለች፤ የዩኒቨርሲቲ ሌክቸር መከታተል ግን አትችልም። የእርስዎ ወጪ በሦስት ዓመት፣ ክረምቱን ሳይጨምር፣ 54,000 ብር ነው። ትምህርት ቤቱ ይህን ሒሳብ በስብሰባው ላይ አስቀምጦላችሁ ቢሆን ኖሮ ቅር አይለኝም ነበር።

ለማንኛውም አንድ ቀን ጎራ ብለው ይጠይቋቸው። በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ልጆቹ ስንተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳሉ? ዴልፍ የተባለውን፣ በዓለም ላይ የሚታወቀውን የፈረንሳይኛ ፈተና እንዲወስዱ ታዘጋጃላችሁ ወይስ የራሳችሁን የምስክር ወረቀት ነው የምትሰጡት? የራሳቸውን ከሆነ ሳጥን ውስጥ ከመቀመጥ አያልፍም። «እዚህም ቅድሚያ ያገኛል» ያሉትንም የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ በስም ይንገሩዎት። አይቆጡ፣ በትሕትና ይጠይቁ፤ መልስ ከሌላቸው ዝምታቸው ይነግርዎታል።

የባለቤትዎን አባት ግን አደራ፣ «ያረጀ ሐሳብ ነው» ብለው እንዳያልፏቸው። እሳቸው የኖሩትን ነው የሚናገሩት። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአገራችን የተማረ ሰው የሚባለው በአብዛኛው ፈረንሳይኛ የሚችል ነው። ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤቱን ሲወርስ፣ ምድር ባቡር ግን በፈረንሳይኛ መሥራቱን ቀጠለ። «ለገሃር» የምንለው ቃል ራሱ የፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። አቃቂ ጣቢያ ላይ ለቆመ ወጣት ፈረንሳይኛ እንጀራ ነበር፤ እውነት ነው። ያ እንጀራ ዛሬ በእንግሊዝኛ ነው የሚጋገረው።

ደብዳቤዎን ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። የትምህርት ቤቱ ድምፅ አለበት፣ የጎረቤትዎ አለበት፣ የትልቁ ልጅዎና የአያትየውም አለበት። ልጅቱ ራሷ ምን እንዳለች አላገኘሁም። ያገኘሁት አንዲት መስመር ነው፤ ማታ ማታ የአያቷን መጽሐፍ ይዛ ድምፅ እያወጣች ማንበቧን። ማንም ሳያዛት፣ ፈተና ሳይኖርበት፣ ከቀኑ ትምህርት በኋላ። ያቺን መስመር እርስዎ እንደ ዋዛ ነው የጻፏት፤ እኔን ግን ከክፍያውም ከኮሌጁም በላይ የያዘችኝ እሷ ናት። ይህ ፍላጎት ከሆነ ኮሌጅ ያስገባ አያስገባ ተብሎ የሚቆረጥ ነገር አይደለም። ልጅቱ ትማረው፤ ነገር ግን 1,800 ብር በማይጠይቅ መንገድ።

አስተማሪው አቃቂ ተቀምጠው የለ? በሥራ ላይ ዕድሜያቸውን የተናገሩት ቋንቋ ነው፤ አሁን የሚያናግራቸው ሰው ያለም አይመስለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይላኳት። መጽሐፉን ይዛ ትሂድ፤ አዲስ ደብተርም ይግዙላት። እሳቸው ይናገሩ፣ እሷ ትጻፍ። መጀመሪያ የጣቢያ ቃላቱን ያስተምሯት፤ ባቡሩን፣ ትኬቱን፣ ሰዓቱን፣ ሐዲዱን። ሽማግሌው እንደ አስተማሪ መጽሐፍ ተከትለው ላያስተምሩ ይችላሉ፤ ግድ የለም። ስለ ደረጃና ስለ ፈተና የምታስብበት ቀን ሲመጣ፣ 12ኛን ከጨረሰች በኋላ፣ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ሄዳ በሥርዓቱ ትቀጥላለች።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት ሁለቱ ሰዓቶች ለፊዚክስና ለእንግሊዝኛ ይሁኑ። በየቀኑ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ታንብብ፣ የማታውቃቸውን አምስት ቃላት ትጻፍ፣ ከዚያ ያለፉ ዓመታት የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎችን ትሥራ። ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ሳታነብ መልሱን እንዳታከብ። ፊዚክሱ ብቻዋን ካስቸገራት፣ ከሚተርፍዎት 1,800 ብር ላይ ግማሹን ለአንድ የፊዚክስ አስጠኚ ቢያደርጉት አይቆጭዎትም።

የሚቀጥለው ዓመት መስክ የምትመርጥበት ነው። ከመምረጧ በፊት ማታ መጽሐፉን ስታነብ አጠገቧ ቁጭ ብለው ምን መሆን እንደምትፈልግ ይጠይቋት፤ ከዚያ ይጻፉልኝ። በዚህ ጊዜ ደብዳቤውን እሷ ብትጽፈው ደስ ይለኛል።